ያገለገለ መኪና ከባሕር ማዶ ስለ ማስመጣት

በግቢያችን የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ተሰብስበው በሚጫወቱበት ቦታ ሁሉ ሦስት ነገሮች ሳይነሡ አይቀሩም፤ እነርሱም ሥራ፣ ቤትና መኪና ናቸው። ስለ ሥራና ስለ ቤት ብዙ ተጽፏል፤ እኛም የምንጨምርበት የለንም። ስለ መኪና የሚነገረው ወሬ ግን ከእውነቱ እጅግ የራቀ ሆኖ ስላገኘነው ጥቂት ማብራሪያ ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታይቶናል። ወሬው ብዙውን ጊዜ እንዲህ የሚል ነው፤ «አጎቴ ባሕር ማዶ ነው፤ እዚያ አሮጌ መኪና እንደ ውራጅ ልብስ ነው የሚጣለው፤ ሁለት ሺህ ዶላር ቢያወጣልኝ መኪና አለኝ ማለት ነው።» የሚናገረውም የሚሰማውም ሒሳቡን አልሠራውም።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ መከልከላቸውን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶክተር ዓለሙ ስሜ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. አስታውቀዋል። ስለዚህ የአጎት ቶዮታ ቀርታለች። ታዲያ ምን አስጻፋችሁ? የሚለን ቢኖር መልሳችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ዛሬ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ የምናያቸውና ነገ ደመወዝ ስንቀበል ልንገዛቸው የምንመኛቸው መኪናዎች አብዛኞቹ ያገለገሉ ሆነው የገቡ ናቸው፤ የሚገዛቸውም ሰው ብረቱን ብቻ ሳይሆን የተከፈለባቸውን ቀረጥና የተደበቀባቸውን ገመና አብሮ ይገዛል። ሁለተኛ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራውም መኪና ቢሆን የሚመጣው በዚያው በአሮጌው መንገድ ነው፤ ባሕሩም ያው ባሕር፣ ጉምሩኩም ያው ጉምሩክ፣ ደላላውም ያው ደላላ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ መኪናው በዚያ አገር ስለ ምን እንደሚረክስ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጃፓንን እንውሰድ። በጃፓን አዲስ የተገዛ የቤት መኪና በሦስተኛው ዓመት፣ ከዚያም በኋላ በየሁለት ዓመቱ «ሻከን» የሚባለውን የመንግሥት ምርመራ ማለፍ አለበት። በምርመራው ጊዜ ባለቤቱ የመድኑን ክፍያ፣ በመኪናው ክብደት የሚታሰበውን ግብርና ለሚለወጠው ዕቃ ሁሉ ዋጋውን ይከፍላል። መኪናው 13 ዓመት ሲያልፈው ደግሞ የክብደቱ ግብር ከፍ ይላል። እንግዲህ ጃፓናዊው መኪናውን የሚሸጠው ስለ ተበላሸበት አይደለም፤ ማቆየቱ ከመሸጡ ይልቅ ስለሚያስከፍለው ነው። ያን ጊዜ መኪናው ወደ ሐራጅ ገበያ ይሄዳል።

የሐራጁ ገበያ አሠራር ሊያስቀና የሚችል ነው። እያንዳንዱ መኪና ከመሸጡ በፊት በገበያው መርማሪ ይታይና አንድ ወረቀት ይጻፍለታል። በወረቀቱ ላይ ለመኪናው ሁለንተና ቁጥር፣ ለውስጡ ደግሞ ፊደል በማርክ መልክ ይሰጣል፤ 4 ወይም 4.5 ያገኘ ጥሩ ነው፤ በቁጥር ፈንታ «አር» የሚል ፊደል የተጻፈበት ግን ተጋጭቶ የተጠገነ ነው። በወረቀቱ ጥግ የመኪናው ሥዕል ይገኛል፤ በሥዕሉም ላይ የተጫረው በኤ፣ የተጎደጎደው በዩ፣ ተጠግኖ የወላወለው ላሜራ በደብልዩ፣ የዛገው በኤስ እየተመለከተ ምልክት ይደረግበታል። የኛም መምህራን ፈተናችንን እንዲህ አድርገው ቢያርሙልን በወደድን ነበር። ዳሩ ግን ይህ ወረቀት ከጃፓን ወደብ ወዲህ ብዙ ጊዜ አይሻገርም። ገዢው ካልጠየቀ የሚያሳየው የለም፤ ሲጠይቅም «ጠፋ» ይባላል። እኛ እንደምናስበው ወረቀቱ የጠፋበት መኪና ሊገዛ አይገባውም።

ይህ ንግድ ትንሽ ንግድ አለመሆኑን ለማሳየት አንድ ቁጥር እንጥቀስ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ጥናት ከ2015 እስከ 2018 ድረስ ባለው ጊዜ ከአውሮፓ ኅብረት፣ ከጃፓንና ከአሜሪካ 14 ሚሊዮን ያገለገሉ ቀላል መኪናዎች ወደ ሌሎች አገሮች እንደ ተላኩ ገልጿል። ከነዚህም ውስጥ 80 በመቶ ያህሉ የሄዱት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ወዳላቸው አገሮች ሲሆን፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የወረዱት በአፍሪካ ነው። ከሆላንድ ወደቦች ወደ አፍሪካ ሲጫኑ የተመረመሩት አብዛኞቹ በዚያው በሆላንድ መንገድ ላይ ለመሄድ የሚያስችል የጸና የምርመራ ወረቀት አልነበራቸውም። ለሆላንዳዊ ሕፃን ሳንባ የማይስማማው ጢስ ለኛ ሕፃን እንዴት እንደሚስማማ የሚያስረዳን አላገኘንም።

ወደ ኢትዮጵያ የሚመጡት መኪናዎች ከተሠሩበት አገር በቀጥታ የሚመጡ ብቻ አልነበሩም። ብዙዎቹ በዱባይና በሻርጃ ያልፉ ነበር፤ በዚያም ከጃፓን፣ ከአሜሪካና ከአውሮፓ የተሰበሰቡ አሮጌ መኪናዎች በሰፊ ሜዳ ላይ ተደርድረው ይሸጣሉ። ከዚያ መርከብ ላይ ተጭነው ጂቡቲ ይወርዳሉ፤ ከጂቡቲም በጋላፊ በኩል ወደ መሀል አገር ይገባሉ። እስከ አዲስ አበባ ያለው የመኪና መንገድ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በዚህ መካከል ትራንዚተሩ የሚያዘጋጀው ወረቀት አንድ ቢጎድል መኪናው በወደብ ይቆማል፤ በቆመበትም ቀን ሁሉ የማቆያ ኪራይ ይቆጠርበታል። የገንዘቡም ነገር እንዲሁ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ዶላሩን ከባንክ የሚፈልግ ሰው ኤል ሲ ለማስከፈት ተራ ይጠብቃል፤ ውጭ አገር ዘመድ ያለው ደግሞ፣ በተፈቀደ ጊዜ፣ የባንክ ዶላር ሳይነካ በዘመዱ ገንዘብ ዕቃውን ያስገባል። ይህ ሁለተኛው ፍራንኮ ቫሉታ የሚባለው ነው። የአጎት ተስፋ ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህች በሁለተኛይቱ ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። እኛ የአርት ተማሪዎች ከሒሳብ ጋር ብዙም ፍቅር የለንም፤ ነገር ግን ይህን አንድ ሒሳብ አንባቢያችን እርሳስ ይዞ እንዲከተለን እንለምናለን።

ጉምሩክ ቀረጡን የሚያሰላው መኪናው በተገዛበት ዋጋ ላይ ብቻ አይደለም። የመኪናው ዋጋ፣ የመርከቡ ኪራይና የመድኑ ክፍያ አንድ ላይ ተደምረው መነሻ ይሆናሉ፤ ነጋዴዎች ሲ አይ ኤፍ የሚሉት ይህን ነው። ስለዚህ ለመርከብ የተከፈለውም ገንዘብ ይቀረጣል። ደግሞም ጉምሩክ በደረሰኙ ላይ የተጻፈውን ዋጋ የተጠራጠረ እንደ ሆነ በያዘው የዋጋ መረጃ ይተምናል እንጂ ደላላው የጻፈውን ሁሉ እውነት ነው ብሎ አይቀበልም።

ከ2012 ዓ.ም. በፊት በነበረው ሥርዓት አንድ የቤት መኪና ጂቡቲ ሲደርስ ጠቅላላ ዋጋው 100,000 ብር ሆነ እንበል። የሞተሩ መጠን ከ1,300 ሲሲ አይበልጥም። በመጀመሪያ 35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ይከፈልበታል፤ 135,000 ብር ሆነ። ቀጥሎ የኤክሳይዝ ታክስ 30 በመቶ ይመጣል፤ ነገር ግን ይህ 30 በመቶ የሚታሰበው በ100,000 ሳይሆን በ135,000 ላይ ነው፤ ስለዚህ 40,500 ብር ተጨምሮ 175,500 ይሆናል። ከዚያ በዚህ ድምር ላይ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይታሰባል፤ 26,325 ብር። ድምሩ 201,825 ሲሆን እንደገና በዚህ በጠቅላላው ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ ይጫናል። መጨረሻው 222,007 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። አስመጪው ነጋዴ ከሆነ ደግሞ በቅድሚያ የሚያዝ የገቢ ግብር አለበት።

እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ አራቱ ክፍያዎች ጎን ለጎን የሚቆሙ አይደሉም፤ አንዱ በሌላው ጀርባ ላይ የሚወጣ ነው። ቀረጡ ይቀረጣል፤ የተቀረጠው ቀረጥ ደግሞ ይቀረጣል። 35 እና 30 እና 15 እና 10 ተደምረው 90 ናቸው ብሎ የሚያስብ ሰው 190,000 ብር ይዞ ይሄድና 32,000 ብር ጎድሎት ይመለሳል። በዚህ የተነሣ መኪናቸውን ከጉምሩክ ማውጣት ተስኗቸው ለብድር የሮጡ ሰዎች መኖራቸውን ሰምተናል። ከመካከላችን የአንዱ ታላቅ ወንድም፣ ደላላ በስልክ በነገረው ሒሳብ ተማምኖ፣ ለእኅቱ ሠርግ የተቀመጠውን ገንዘብ ሳይቀር ለመኪናው ማውጫ አውሏል። ሠርጉ በሚቀጥለው ዓመት ሆነ፤ መኪናው ሙሽራ አጀበ፤ ወንድምየው ግን እስከ ዛሬ የሚነሣበት ወሬ ነው።

አሁን ደግሞ የሞተሩን መጠን ከፍ እናድርገው። ከ1,300 ሲሲ በላይ እስከ 1,800 ሲሲ ለሆነው ኤክሳይዙ 60 በመቶ ነበር፤ ያው የ100,000 ብር መኪና 273,240 ብር ይደርሳል። ከ1,800 ሲሲ በላይ ለሆነው 100 በመቶ ነበር፤ 341,550 ብር ይሆናል። በዚህ ዓይን ሲታይ ቪትዝ የምትባለው ትንሽ መኪና አዲስ አበባን እንዴት እንደ ሞላቻት ለመረዳት አያዳግትም። ቶዮታ ቪትዝን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ በአውሮፓ ያሪስ ትባላለች። ሞተርዋ 997 ሲሲ ነው፤ ተለቅ ያለው ዓይነትም ቢሆን ከ1,300 ጥቂት ዝቅ ይላል። በአንጻሩ የቶዮታ ስታርሌትና አንዳንድ ኮሮላዎች የያዙት አንደኛው ሞተር 1,331 ሲሲ ነው። ከወሰኑ ያለፈው በ31 ሲሲ ብቻ ነው፤ ግማሽ የቡና ስኒ አይሞላም። ይህች ግማሽ ስኒ የማትሞላ ነገር ግን በ100,000 ብር መኪና ላይ 51,232 ብር ታስከፍል ነበር። ሰዎች ቪትዝን የወደድዋት ስለ መልኳ ነው፣ ቤንዚን ስለማታበዛ ነው፣ ሴቶች ስለሚመርጧት ነው ሲባል እንሰማለን። ሁሉም ጥቂት ጥቂት እውነት ይኖረዋል፤ ነገር ግን ከሁሉ በፊት የመረጣት የኤክሳይዝ አዋጁ ነው።

በየካቲት 2012 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት አዲስ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አጸደቀ፤ ቁጥሩ 1186 ነው። ይህ አዋጅ የሞተሩን መጠን ብቻ ሳይሆን የመኪናውንም ዕድሜ መመዘን ጀመረ። ትንሽ ሞተር ላለው አዲስ መኪና ኤክሳይዙ ወደ 5 በመቶ ሲወርድ፣ ላገለገለው ግን ዕድሜው በጨመረ ቁጥር እየጨመረ ሄዶ ከሰባት ዓመት በላይ የሆነውና ትልቅ ሞተር ያለው 500 በመቶ ደረሰ። ያችን 100,000 ብር እንደገና እንውሰዳት። ከቀረጡ በኋላ 135,000፤ ኤክሳይዙ 675,000፤ ድምር 810,000፤ ከተጨማሪ እሴት ታክስ በኋላ 931,500፤ ከሱር ታክስ በኋላ 1,024,650 ብር። አሥር እጥፍ ከመሆኑም በላይ ትርፍ አለው። ይህ በስሙ ታክስ ቢባልም በሥራው ክልከላ ነው።

የአዋጁ ዓላማ መልካም መሆኑን አንክድም፤ ስለ ጢሱ ከላይ የተናገርነውን እኛው ራሳችን ተናግረነዋልና። ነገር ግን የሆነው ነገር ሌላ ነው። አሮጌው መኪና መግባቱን ሲያቆም፣ አዲሱም ለደመወዝተኛ የማይቀመስ ሲሆን፣ ቀድሞ የገባው አሮጌ መኪና ዋጋው ወደ ላይ ወጣ። ሃያ ዓመት የሆናት ቪትዝ ስትገባ ከተገዛችበት በላይ ትሸጣለች። ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ዋጋው የሚጨምር ነገር ቅርስ እንጂ መኪና አይመስለንም ነበር። ጢሱም አልቀረም፤ ያው አሮጌ ሞተር እየተጠገነ፣ እየተጠገነ ያጨሳል።

ወደዚህ ንግድ የሚገባ ሰው ሊያውቀው የሚገባ አንድ የሕግ ነጥብ አለ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው በዚህ ነው። ቀረጡ የሚታሰበው መኪናው በተገዛበት ቀን በነበረው ሕግ አይደለም፤ ዲክላራሲዮኑ በጉምሩክ ተቀባይነት ባገኘበት ቀን በሚጸናው መጣኔ ነው። መኪናው በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ሳለ አዋጅ ቢወጣ አዋጁ ይይዘዋል። የብር ዋጋም እንደዚሁ ነው። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መኪናው አልተለወጠም፤ መጣኔውም አልተለወጠም፤ መነሻው በብር እጥፍ ሊሆን ሲቀርብ ግን በላዩ የሚከመረው ሁሉ አብሮ አደገ።

እስካሁን ስለ ወረቀት ተናገርን። ስለ ብረቱም ጥቂት እንበል፤ በተለይ አገር ውስጥ ያለውን አሮጌ መኪና ሊገዙ ለሚያስቡ።

ዕድሜ በቀረጥ ውስጥ ከገባ ወዲህ ዕድሜን መደበቅ ትርፍ የሚያስገኝ ሥራ ሆነ። ነገር ግን መኪና ዕድሜውን በብዙ ቦታ ጽፎ ነው የሚዞረው። ብዙ ጊዜ በመቀመጫው ቀበቶ ላይ፣ ወደ ታች ሲሳብ፣ የተሠራበት ቀን ያለበት ትንሽ ጨርቅ ተሰፍቶ ይገኛል። ጎማው ላይ አራት አኃዝ አለ፤ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ፤ እርግጥ ጎማ ይለወጣልና ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የሻንሲው ቁጥር 17 ፊደልና አኃዝ ከሆነ ለአሜሪካ ገበያ በተሠራው መኪና አሥረኛው ፊደል የሞዴሉን ዓመት ያሳያል። ለጃፓን ገበያ የተሠራው ግን አጭር ቁጥር ነው ያለው፤ መጀመሪያው ዓይነቱን የሚያመለክት፣ ከሰረዝ በኋላ ያለው ተራ ቁጥሩ ነው። ገዢው ይህን ቁጥር ከሊብሬው ጋርም ከዲክላራሲዮኑም ጋር ፊደል በፊደል ያስተያየው። ኪሎ ሜትሩን ግን አያስተያየው፤ እርሱ ባለሙያው እንደ ወደደ የሚያወርደው ነገር ነው። ከሱ ይልቅ የፍሬኑ ፔዳል ጎማና የመሪው ቆዳ እውነቱን ይናገራሉ፤ 60,000 ኪሎ ሜትር የሄደ መኪና ፔዳሉ ተልጦ አይታይም።

ሌላው የመሪው ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. መኪና በግራ ከመንዳት ወደ ቀኝ ስለ ተዛወረች መሪው በግራ በኩል ያለ መኪና ያስፈልገናል፤ ጃፓን ግን በግራ ስለምትነዳ መሪዋ በቀኝ ነው። በዚህ የተነሣ የጃፓን መኪናዎች በባሕረ ሰላጤው አገሮች ጋራዥ ገብተው መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ ይዛወራል። ዳሽቦርዱ ይቆረጣል፤ መሪው፣ ፔዳሉ፣ የፍሬኑ ማገናኛ ሁሉ ቦታውን ይለቃል። በጥንቃቄ የተሠራ አለ፤ በብየዳና በስቱኮ የተሸፈነም አለ። ኮፈኑን ከፍቶ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ የፍሬኑ ዘይት ማስቀመጫ በቀኝ ቀርቶ ፔዳሉ ግን በግራ ሆኖ በረጅም ዘንግ ከተገናኘ ተዛውሯል። የመስተዋቱ መጥረጊያ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይለወጥም፤ ስለዚህ ዝናብ ሲጥል ከተሳፋሪው ፊት ጥሩ አድርጎ ይጠርግና ከነጂው ፊት ጥግ ላይ ውኃ ይተዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳስበን ግን መብራቱ ነው። በግራ ለሚነዳ አገር የተሠራ የፊት መብራት ዝቅ ሲደረግ ብርሃኑን ወደ ግራ ጠርዝ ያዘነብላል፤ እዚያ ጠርዙ የመንገዱ ዳር ነው። እኛ አገር ግን በግራ በኩል ያለው ከፊት የሚመጣው መኪና ነው። መሪውን ያዛወረ ጋራዥ መብራቱን ሳይለውጥ የቀረ እንደ ሆነ፣ ነጂው ምንም ሳያጠፋ፣ መብራቱን ዝቅ አድርጎም ሳለ፣ የሚመጣውን ሰው ዓይን ያሳውራል። በደብረ ብርሃን መንገድ በሌሊት የተጓዘ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ «ምን ዓይነት ባለጌ ነው መብራቱን የማያወርድ?» እያለም ረግሟል። ባለጌው ነጂው ላይሆን ይችላል። መኪና የገዛ ሰው ማታ ከግድግዳ አሥር ሜትር ያህል ርቆ ያቁም፤ መብራቱን ዝቅ አድርጎ ይይ፤ የብርሃኑ ከፍታ በግራ በኩል የሚወጣ ከሆነ መብራቱን ያስለውጥ። ዋጋው ከአንድ ነፍስ ጋር አይመዛዘንም።

ደግሞም ከቀረጥ ነጻ የገባ መኪና አለ። በልዩ ልዩ ምክንያት ቀረጥ ሳይከፈልባቸው እንዲገቡ የተፈቀደላቸው መኪናዎች ቀረጡ ሳይከፈል ለሌላ ሰው ሊተላለፉ አይችሉም። ሻጩ «ሊብሬው ይኸው፤ ዋጋውም ቅናሽ ነው» ሲል ገዢው ደስ ብሎት ይከፍላል፤ ስም ለማዛወር ሲሄድ ግን ከላይ ያሰላነው ቀረጥ በሩ ላይ ይጠብቀዋል። ዋጋው ከገበያው ብዙ ዝቅ ያለ መኪና ሲገኝ ከሞተሩ በፊት የቀረጡን ደረሰኝ መጠየቅ ይገባል።

ስለ ኤሌክትሪኩ መኪና ጨምረን እናብቃ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2022 የኤሌክትሪክ መኪናዎችን ከኤክሳይዝ፣ ከተጨማሪ እሴት ታክስና ከሱር ታክስ ነጻ አድርጎ ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ ቀረጥ ብቻ ወስኖ ነበር። በዚያ ውሳኔ መሠረት የኛ 100,000 ብር 115,000 ይሆናል ማለት ነው። ከ222,000 እና ከ1,024,000 ጋር አስተያይቶ ማየት ነው። ቪትዝን የመረጠልን ሕግ እነሆ አሁን ደግሞ የቻይናን መኪና መረጠልን። በአዲስ አበባ ብዙ ጊዜ የምናየው የቮልስዋገን አይዲ 6 ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠራ ነው፤ ፋብሪካው ወደዚህ አልላከውም፤ ነጋዴ ገዝቶ ነው ያመጣው። በዚህ የተነሣ የዋስትናው ወረቀት እዚህ አይሠራም፤ በመስኮቱ ላይ የሚጻፈው በቻይንኛ ነው፤ የኃይል መሙያ መሰኪያው ደግሞ ጂ ቢ ቲ የሚባለው የቻይና ዓይነት እንጂ የአውሮፓው ሲ ሲ ኤስ ወይም የጃፓኑ ቻዴሞ አይደለም። መኪናና መሙያ ጣቢያ ተገናኝተው ሳይተዋወቁ ቀሩ ማለት ይህ ነው።

ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛ ሰው የሚገዛው ባትሪ ነው፤ ሌላው ሁሉ የባትሪው ማሸጊያ ነው ማለት ይቻላል። ፋብሪካዎች ለባትሪው በአብዛኛው 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና ይሰጣሉ። ባትሪውን የሚያደክመው ዕድሜና ሙቀት ነው። የመጀመሪያው ኒሳን ሊፍ ባትሪውን የሚያቀዘቅዝበት ፈሳሽ ስላልነበረው እንደ አሪዞና ባለ ሞቃት አገር ፈጥኖ እንደ ደከመ ባለቤቶቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ጮኸው ነበር፤ በዱባይ ፀሐይ ሜዳ ላይ ስንት በጋ እንደ ከረመ የማይታወቅ መኪና ሲቀርብልን ይህን ማስታወስ ይጠቅማል። የሊፍ ዳሽቦርድ ላይ የባትሪውን ጤና የሚያሳዩ 12 ትናንሽ መስመሮች አሉ፤ ከነርሱ የጎደለው ተቆጥሮ በዋጋው መከራከር ይቻላል። በሌሎቹ ላይ ግን በመሣሪያ ማስመርመር ያስፈልጋል፤ የአምስት ኪሎ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በዚህ ከኛ ይልቅ ይረዳሉ።

መሣሪያ ያጣ ግን መንገድ አያጣም። ባትሪው ሙሉ ሆኖ ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ እንጦጦ ማርያም ድረስ ይውጣ፤ ቦታው ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሲነሣ፣ ከላይ ሲደርስና ሲመለስ በመቶኛ የታየውን ቁጥር በወረቀት ይጻፍ። መኪናው ቁልቁለቱን ሲወርድ ከወጪው ከፊሉን መልሶ ይሞላል፤ ምን ያህል እንደ መለሰ ደግሞ ከሌላ ተመሳሳይ መኪና ጋር ማስተያየት ይቻላል። ሻጩ ወደ እንጦጦ ለመውጣት እምቢ ካለም መልሱ ያው ተገኘ።